ሪላክሰሩ ከማለቁ በፊት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በወላይታ ሶዶ፣ በአረካ፣ በቦዲቲ፣ በሁምቦ ጠበላና በገሱባ ፀጉር ቤት ያላችሁ፣ በሰው ፀጉር ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ፣ ነገ የራሴን እከፍታለሁ ብላችሁ ዕቁብ የምትጥሉ፣ የዛሬው ዝግጅት የእናንተ ነው። ስለ ፀጉር አሠራር አናወራም፤ እሱን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። የምናወራው ስለ መደርደሪያው ነው። ምን ያህል ዕቃ ይቀመጥ? መቼ ይታዘዝ? ሲታዘዝስ ስንት ይታዘዝ?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያለ አንድ ፀጉር ቤት አስቡ። አንዷ ደንበኛ ካስክ ውስጥ ናት፤ አንዷ ሹሩባ እየተሠራች ነው፤ ሁለቱ አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ረዳቷ የሌላዋን ደንበኛ የማጅራት ፀጉር ሪላክሰር ቀብታ ጨርሳ ወደ ግንባር ስትዞር ማንኪያው የባልዲውን ታች ጫረው።

«እትዬ፣ አልቋል።»

«ሌላው የት ሄደ? ከመስተዋቱ ሥር እይ እስቲ።»

«አየሁ፤ የለም።»

የተቀባው ፀጉር ግን አይጠብቅም። ሪላክሰር በደቂቃ የሚለካ ኬሚካል ነው፤ ከልኩ በላይ ሲቆይ ፀጉር ይሰብራል፣ ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ አንዷ ልጅ ኩባያ ይዛ ጎረቤት ፀጉር ቤት ለብድር ትሮጣለች። እዚያ ከሌለ ከሱቅ በችርቻሮ ዋጋ ይገዛል፤ እሱም ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በአንድ ራስ ላይ ከኋላ አንድ ዓይነት፣ ከፊት ሌላ ዓይነት ሪላክሰር ማለት ነው። ደንበኛዋ ይህን ሁሉ በመስተዋቱ ውስጥ እያየች ነው።

አሁን የዚያኑ ቤት መደርደሪያ ቀና ብላችሁ እዩት። ማንም የማይጠይቀው የፀጉር ቀለም በካርቶን ተደርድሯል፤ «ቅናሽ ነው» ተብሎ የተገዛ ነው። ክዳኑ የደረቀ የጥፍር ቀለም አለ። ሽታው የተለወጠ ትሪትመንት አለ። ገንዘብ አልጠፋም፤ አለ። የተቀመጠው ግን በማይፈለግ ዕቃ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ «ካፒታል አጠረኝ» የምትል ባለ ፀጉር ቤት ካፒታሏ አጥሮ ሳይሆን መደርደሪያው ላይ ተኝቶባት ነው።

መፍትሔው ደብተር ነው። ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ዋና ዕቃ አንድ ገጽ ስጡት፤ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ ብላችሁ አስምሩ። «የወጣ» ስንል ለደንበኛ የዋለውን ብቻ አይደለም። ለእህት የተሰጠች ሻምፖም፣ ሠራተኞች እርስ በርስ ሲሠራሩ የተጠቀሙበት ቅባትም ወጥቷል። ይህን ስንል ሠራተኛን ሌባ እያልን አይደለም፤ በእርግጥ ሲጣራ ትልቁ የ«ጠፋ» ዕቃ የባለቤቷ ቤተሰብ የወሰደው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስጡ፤ ግን ጻፉት።

ሁሉንም ዕቃ እኩል አትቁጠሩ። ጅራታም ማበጠሪያ፣ የፀጉር ሽቦና ቢጎዲን በየቀኑ መቁጠር ጊዜ ማባከን ነው። የአንድ ፀጉር ቤት ገንዘብ የሚገባው በጥቂት ዕቃ ላይ ነው፦ ሪላክሰር፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር፣ ሻምፖና ኮንዲሽነር፣ የፀጉር ቀለምና ማደባለቂያው ፐርኦክሳይድ። እነዚህን በየሳምንቱ ቁጠሩ። ሌላውን በወር አንዴ ብታዩት አይጎዳችሁም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። መቼ ይታዘዝ? «ሲያልቅ» የሚለው መልስ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የት እንደሚያደርስ አይተናል። ትክክለኛው መልስ በሁለት ቁጥር ላይ ይቆማል፤ በቀን ስንት ይወጣል፣ ከታዘዘ በኋላስ በስንት ቀን እጅ ይገባል?

ሁለተኛውን ቁጥር ብዙዎቻችን እንሳሳትበታለን። ከአዲስ አበባ ሶዶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡስ በአንድ ቀን ይደርሳል። ዕቃው ግን እንደ ተሳፋሪ አይመጣም። መርካቶ ያለው ጅምላ ሻጭ ስልክ እስኪያነሣ፣ ዋጋ እስክትስማሙ፣ ብሩ በቴሌብር ወይም በባንክ እስኪገባ፣ ካርቶኑ ታሽጎ በተሸካሚ መነኸሪያ እስኪደርስ፣ ተጭኖ ሶዶ መነኸሪያ ወርዶ እስኪወሰድ ድረስ አራት የሥራ ቀን ይሄዳል እንበል። የሚቆጠረው አራቱ ቀን ነው እንጂ የአውቶቡሱ ጉዞ አይደለም።

በሰው ሠራሽ ፀጉር እናስላው። አንድ ፀጉር ቤት በቀን በአማካይ 5 ፓኬት ያወጣል እንበል፤ እሑድ ተዘግቶ በሳምንት 30 ይሆናል። ዕቃው በ4 ቀን ይመጣል። 5 በ4 ሲባዛ 20። ስለዚህ 20 ፓኬት ሲቀር ብታዙ፣ የመጨረሻዋ ፓኬት በምታልቅበት ቀን አዲሱ ይደርሳል ማለት ነው። ሁሉም ነገር እንዳሰብነው ከሄደ!

እንዳሰብነው ደግሞ አይሄድም። የሠርግ ሳምንት ይመጣና በቀን 8 ይወጣል። ሻጩ «ነገ እልካለሁ» እያለ ይዘገያል፣ ክረምት መንገዱን ያበላሻል፣ ዕቃው በ7 ቀን ይመጣል። 8 በ7፣ 56። ክፉውን ሳምንት ለማለፍ የሚያስፈልገው 56 ነው፤ ከ20ው በላይ ያለው 36 መጠባበቂያ ይባላል። አንዱን ፓኬት በ200 ብር ብናስበው 7,200 ብር ዝም ብሎ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው። ይበዛል? ለጥቁሩ፣ ቁጥር 1 ለምንለው፣ አይበዛም፤ ጥቁር ፀጉር የሌለው ፀጉር ቤት በሩን ቢዘጋ ይሻለዋል። ለቀዩና ለወርቃማው ግን መጠባበቂያ መያዝ አያስፈልግም። ቀይ የምትፈልግ ደንበኛ ዕቃው እስኪመጣ ትጠብቃለች፣ ወይም ሌላ ትመርጣለች። እዚህ ላይ ነው ፍርድ የሚያስፈልገው፦ መጠባበቂያ የሚያዘው ሲጠፋ ደንበኛ ይዞ ለሚሄድ ዕቃ ብቻ ነው።

የቦዲቲና የአረካ አድማጮቻችን፣ ይህ ስሌት ለእናንተ ይቀላል። ከሶዶ ጅምላ ሻጭ የምትገዙ ከሆነ ዕቃው በማግሥቱ እጃችሁ ይገባል። ቢዘገይ ሁለት ቀን ነው። በክፉ ሳምንትም 8 በ2፣ 16 ፓኬት ሲቀር ብታዙ ትደርሳላችሁ። ዋጋው ከመርካቶ ትንሽ ከፍ ይላል፤ በምትኩ ግን መደርደሪያ ላይ የሚተኛው ገንዘባችሁ ያንሳል። «በቀጥታ ከመርካቶ ካልገዛሁ ነጋዴ አይደለሁም» የሚል ኩራት አለ፤ ለአንዲት ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት ያ ኩራት ውድ ነው።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ማስታወሻው ቀላል ይሁን። ሻምፖው በአምስት ሊትር ጄሪካን ከሆነ የሚቀመጠው፣ የማዘዣው ጊዜ የሚደርስበት ልክ ላይ በውጭ በኩል በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አስምሩ። ጥፍር ቀለም በውሃ አይለቅም፣ ከሩቅም ይታያል። ሻምፖው ከመስመሩ በታች ሲወርድ ፀጉር የምታጥበው ልጅ ለባለቤቷ ትናገራለች፤ ደብተር መግለጥ አያስፈልጋትም። ለፓኬት ዕቃ ደግሞ የመጠባበቂያውንና የማዘዣውን ድርሻ ለብቻው በፌስታል አስራችሁ ከኋላ አስቀምጡ። ያ ፌስታል የተፈታ ዕለት ስልክ ይደወላል። ያቺን ዕለት ማለፍ የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ስንት ይታዘዝ? ይህን ጥያቄ በወረቀት ላይ አስልቶ ያወጣ ሰው አለ። ፎርድ ሃሪስ ይባላል፤ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1913 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ላይ ነው ስሌቱን ያቀረበው፤ ያኔ ያሰበው ስለ ፋብሪካ ነበር፣ ስሌቱ ግን ለፀጉር ቤትም ይሠራል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ባዘዛችሁ ቁጥር ወጪ አለ፦ ስልክ፣ ተሸካሚ፣ ማስጫኛ፣ ማውረጃ። ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ደጋግማችሁ ካዘዛችሁ ይህ ወጪ ይበላችኋል። በአንድ ጊዜ ብዙ ካዘዛችሁ ደግሞ ገንዘባችሁ ይታሰራል፣ ዕቃ ይበላሻል፣ ቦታ ይጠብባል። ሁለቱ ወጪዎች እኩል የሚሆኑበት ልክ አለ፤ ያ ነው ትክክለኛው ትእዛዝ።

እስክሪብቶ ያላችሁ ያዙ። የዚያችው ፀጉር ቤት ፍጆታ በዓመት 1,500 ፓኬት ነው እንበል። አንድ ጊዜ ለማዘዝ ከዕቃው ዋጋ ውጪ 400 ብር ይወጣል። አንዲት ፓኬት ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ብትቀመጥ በታሰረው ገንዘብና በመሳሰለው 30 ብር ታስወጣለች እንበል። 1,500ን በ400 አባዙ፤ 600,000። እጥፍ አድርጉት፤ 1,200,000። በ30 አካፍሉ፤ 40,000። አሁን በስልካችሁ ካልኩሌተር ላይ ያለችውን የስኩዌር ሩት ምልክት ንኩ፤ 200 ይወጣል። በአንድ ጊዜ 200 ፓኬት፣ የሰባት ሳምንት ግድም ዕቃ ማለት ነው።

ይህ ልክ በዓመት ለማዘዣ 3,000፣ ለማስቀመጫ 3,000፣ በድምሩ 6,000 ብር ያስወጣል። በየሳምንቱ 30፣ 30 ብታዝ ለማዘዣ ብቻ 20,000 ብር ትከፍላለች። በዓመት ሁለቴ 750፣ 750 ብታዝ ደግሞ በድምሩ ከ12,000 ብር በላይ ይወጣባታል፤ በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ 150,000 ብር ከየት ታመጣለች?

«ለ200 ፓኬት እንኳ 40,000 ብር የለኝም» ለምትሉ ጥሩ ወሬ አለ። 100 ፓኬት ብታዙ የዓመቱ ወጪ 7,500 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 1,500 ብር ብቻ ነው፤ በወር 125 ብር። ስለዚህ ልኩን ግማሽ በመሳት ማንም አይከስርም፤ የሚያከስረው ከልኩ አምስትና ስድስት እጥፍ መራቅ ነው። ለዚህ ተብሎ በወለድ መበደር አያስፈልግም።

አንድ ሌላ መንገድም አለ። በአንድ ሰፈር ያሉ ሦስት ፀጉር ቤቶች አብረው ቢያዙና ማስጫኛውን ለሦስት ቢካፈሉት፣ ለእያንዳንዷ የሚመቸው ትእዛዝ ከ200 ወደ 115 ግድም ይወርዳል። የሚታሰረው ገንዘብም ከ40,000 ወደ 23,000 ብር። ተፎካካሪ ናቸው፤ እውነት ነው። ግን ሪላክሰር በኩባያ የሚበዳደሩ ሰዎች በካርቶን አብረው መግዛት ለምን ያቅታቸዋል?

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያልነው ዋጋ ባለበት ሲቆም ነው። ዋጋ ባለበት እንደማይቆም ግን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በጥቅምት 2015 መንግሥት ለ38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲያግድ ኮስሞቲክስና ሽቶ ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ፤ እገዳውም ተነሣ። ዶላር ግን ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፀጉር ቤት የምንጠቀምበት ዕቃ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ይህ ሁሉ እየዞረ ሶዶ መደርደሪያ ላይ ይደርሳል።

እንዲህ ያለ ጊዜ ላይ «ዛሬ ያልገዛ ነገ ያለቅሳል» ብሎ መደርደሪያ መሙላት ይመጣል። ግማሹ ትክክል ነው። ሰው ሠራሽ ፀጉር፣ ፎይል፣ ጓንት፣ ፎጣ፣ ቢጎዲን አይበላሹም፤ ዋጋ ሊጨምር ነው ብላችሁ በርግጠኝነት ካመናችሁ የሁለትና የሦስት ወር ብትይዙ ያስኬዳል። ፐርኦክሳይድ፣ የፀጉር ቀለምና ሪላክሰር ግን በፍርሃት አይገዙም። ዋጋው ከፍ ሲል እናንተ ዘንድ ያለው ደግሞ ጉልበቱን እያጣ ነው።

ዋጋ ማውጣት ላይም አንድ ነገር ልብ በሉ። ፓኬቱን ድሮ በ150 ብር ገዝታችሁ ዛሬ በ180 ብትሸጡ 30 ብር ያተረፋችሁ ይመስላችኋል። ሻጩ ዛሬ 200 ካለ ግን በ180ው አንድ ፓኬት እንኳ መልሳችሁ አትገዙም። የሸጣችሁትን ዋጋ የምታወዳድሩት ከሚቀጥለው ካርቶን ዋጋ ጋር ይሁን።

ፐርኦክሳይድን ካነሣን አይቀር ትንሽ እንቆይበት፤ ብዙ ዕቃ በከንቱ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ፐርኦክሳይድ ብርሃን፣ ሙቀትና ቆሻሻ ሲያገኘው ወደ ውሃና ኦክስጅን ይፈርሳል። ያኔ ቀለሙ አይዝም፤ ደንበኛዋ «ቀለማችሁ ደካማ ነው» ትላለች፣ እናንተም ሻጩን ትወቅሳላችሁ። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር ያለች ወይና ደጋ ከተማ በመሆኗ ሙቀቱ ብዙ አያስቸግርም፤ ወደ ሁምቦ ስትወርዱ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የመስኮት ዳር መደርደሪያ ለፐርኦክሳይድ አይሆንም። ጥላ ያለበት፣ የሚዘጋ ቁም ሣጥን ስጡት። ወደ ሳህን የተቀዳውን ትርፍ ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ። ከቀለም ጋር የተደባለቀውን ደግሞ ለነገ ብላችሁ በጠርሙስ አትዝጉበት፤ ጋዙ ተጠራቅሞ ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል።

ለዚህ የሚበጀው በልኩ መደባለቅ ነው። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ግዙ። መመሪያው አንድ ለአንድ ተኩል ካለ፣ 60 ግራም ቀለም 90 ግራም ፐርኦክሳይድ ይፈልጋል፤ ለአጭር ፀጉር 30 ቀለም በ45 ሊበቃ ይችላል። በዓይን ግምት የሚደባለቅበት ቤት ግማሽ ቱቦ በመታጠቢያው ቧንቧ ይሄዳል። የተጠቀማችሁበትን ግራም ከደንበኛዋ ስም አጠገብ ብትጽፉ፣ በሚቀጥለው ስትመጣ ከግምት ትገላገላላችሁ።

አዲስ ዕቃ ሲገባ ከኋላ ይደርደር፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ። የከፈታችሁበትን ቀን ክዳኑ ላይ በማርከር ጻፉ። ብዙ ማሸጊያ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ማሰሮ ሥዕል አለ፤ ውስጡ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥርና «ኤም» የምትባለው የላቲን ፊደል ይኖራሉ። ከተከፈተ በኋላ ለስድስት ወይም ለአሥራ ሁለት ወር ይሠራል ማለት ነው። የሚያበቃበት ቀን የተፋቀ፣ የታተመው ጽሑፍ የተንሻፈፈ፣ ደረሰኝ የማይቆረጥለት ዕቃ ቢረክስም አትግዙ። የመዋቢያ ዕቃን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ የደንበኛ ራስ ቢላጥ ግን መጀመሪያ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

አሁን ስለ ወቅት። ወላይታ አስቀድሞ መዘጋጀትን ከማንም መማር አያስፈልገውም። ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይከበራል፤ አባቶች ለሰንጋው ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ፣ እናቶች ቅቤውን አስቀድመው ያጠራቅማሉ። ፀጉር ቤትም እንደ ቅቤዋ ባለቤት ያስብ። የጊፋታ ዕቃ በመስከረም አይታዘዝም፤ ከእንቁጣጣሽ በፊት ባለው ሳምንት መርካቶም ይጨናነቃል፣ ጭነትም ይዘገያል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ እዘዙ። የሶዶው ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሲቃረብ ለዚያ ሳምንት ለብቻው አስቡ። ሠርግን በተመለከተ የአዲስ አበባን ልማድ ብቻ አትከተሉ፤ እዚያ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ጋብ ይላል፣ እኛ ዘንድ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ብዙ ስለሆነ በዚያም ወቅት ሙሽራ ይመጣል። ያለፈው ዓመት ደብተራችሁ ከማንም ምክር ይበልጣል፤ ደብተር ከሌላችሁ ዘንድሮ ጀምሩት።

በአንድ ሻጭ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴ ንብረት አውድሟል። ያለ ማንም ጥፋት አንድ ሱቅ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። የሁለተኛ ሻጭ ስልክ ያዙ፤ ከሐዋሳ ወይም ከሻሸመኔ ቢሆን ይመረጣል። አልፎ አልፎ ትንሽ እየገዛችሁም አስተዋውቁት፤ የማያውቃችሁ ሻጭ በችግር ቀን ስልክ አያነሣላችሁም። ዱቤ የሚሰጥ ሻጭ ጥሩ ነው፤ ግን በዱቤው ምክንያት የማይሸጥ ዕቃውን የሚያስይዛችሁ ከሆነ ዱቤው ነፃ አይደለም።

ሰዓታችን ደርሷል። የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ ይኸውላችሁ፤ ከመደርደሪያችሁ ሦስት ዕቃ ምረጡ፦ ሪላክሰር፣ ጥቁር ሰው ሠራሽ ፀጉርና ሻምፖ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ማታ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ የወጣውን ጻፉ። ቅዳሜ ማታ ደምራችሁ ለስድስት አካፍሉ። ከዚያ ዕቃው ከታዘዘ በኋላ እጃችሁ በሚገባበት ቀን ብዛት አባዙት፣ መጠባበቂያውን ጨምሩበት፣ የጥፍር ቀለም አንሡና መስመሩን አስምሩ። ደኅና እደሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)